ሃያ ደቂቃ ከመርፌው ጋር

የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ነርስ ስም አላት፤ ግን የሚጠራት የለም። በሽተኞቹ “ሲስተር ቶሎ በሉ” ብለው አውጥተውላታል፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። ምን ታድርግ! ጠዋት ገና በሩን ከፍታ ስትገባ “ተነሱ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ቶሎ በሉ” ነው። መድኃኒት ስታድል ቶሎ በሉ። ቁርስ ላይ ቶሎ በሉ። አንዴማ አንዱ በሽተኛ ስቅስቅ ብሎ ሲያለቅስ ጀርባውን እየደባበሰች “አይዞህ፣ ቶሎ ቶሎ አልቅስና ይውጣልህ” አለችው ተብሎ ይወራባታል። እሷ ውሸት ነው ትላለች። ውሸት አይደለም።

ክፉ ሰው እንዳትመስላችሁ ግን። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ረጅም ኮሪደር ስትመላለስ፣ ማን ሻይ ያለ ስኳር እንደሚጠጣ፣ የማን እናት በየትኛው ቀን እንደምትመጣ፣ ማን በር ሲዘጋ እንደሚደነግጥ በቃሏ ይዛለች። የያዘችው ግን እየሮጠች ነው። ቤቷም ያው ናት። ልጇ “እማዬ ቁጭ ብለሽ ስትበዪ ያየሁሽ የሠርጌ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ግማሹን ነው” ትላታለች።

ከሁለት ወር በፊት ያ ሩጫ ጉድ አደረጋት።

ሰኞ ጠዋት ነበር። ሁለት ነርሶች ከሥራ ቀርተዋል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ አንድ አዲስ በሽተኛ በር ላይ አልገባም ብሎ ከወንድሞቹ ጋር ይታገላል። ሲስተር የመድኃኒቱን ጋሪ ብቻዋን እየገፋች መስኮቱ አጠገብ ካሉት ሁለት አልጋዎች መሃል ገባች። ሁለት ኩባያ በሁለት እጇ ይዛለች። የግራውን ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ ሰጠችና ወደ በሩ ሮጠች። በቃ፣ ይኸው ነው። ዓይን እስኪጨፈን እንኳን አልፈጀም።

በስህተት ጠንካራው መድኃኒት የደረሳቸው ልብስ ሰፊው ነበሩ። እኚህ ሰው ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አርባ ዓመት ኮትና ሱሪ ሲሰፉ ኖረው ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ዝም ያሉ። ዝም ስል እንዲሁ ዝም እንዳይመስላችሁ፤ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ምግብ ትተው፣ ከ“አዎ”ና ከ“አይ” በቀር ቃል ሳይወጣቸው ነው ልጃቸው ይዛቸው የመጣችው። ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ ከአልጋቸው ተነስተው ጥቂት እንደተራመዱ ጉልበታቸው ከዳቸውና ኮሪደሩ ላይ ወደቁ። ከግራ ቅንድባቸው በላይ ተፈነከቱ። ሲስተር ደሙን በእጇ አፍና ይዛ ሳለ ነው የሁለቱ ኩባያ ነገር ብልጭ ያለባት። በሞትኩት! ሰማይ የተደፋባት መሰላት።

አልደበቀችም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ራሷ ሄዳ “እኔ ነኝ ያጠፋሁት” ብላ ጻፈች። ሽማግሌው አንድ ቀን ተኩል ተኝተው ነቁ፤ ሌላ ጉዳት አልነበረም። ጉዳዩን ያዩት ሰዎችም በማስጠንቀቂያ አለፏት። ሁሉም ማራት፤ እሷ ግን ራሷን አልማረችም። ከዚያን ቀን ወዲህ ጋሪው ፊት ስትቆም እጇ ይንቀጠቀጣል። አንዱን ኩባያ ሦስቴ፣ አራቴ ታየዋለች፤ አይታም አታምነውም። “ዛሬ ግንባር ነው፤ ነገ ሰው በእጄ ቢሞትስ?” ትላለች ለራሷ። አንድ ሳምንት እንቅልፍ ካጣች በኋላ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፈች፣ አራት ቦታ አጠፈችው፣ ከጋውኗ የደረት ኪስ ከተተችው። በየቀኑ ልትሰጠው ትወስናለች። በየቀኑ አንድ ሥራ ይመጣባትና ይቀራል። ኪሷን ዳበስ፣ መለስ፤ ዳበስ፣ መለስ።

ልብስ ሰፊውንማ ይቅርታ ጠይቃቸዋለች። እንዴት ጠየቀች ካላችሁ ግን፣ ካርዶች በብብቷ ይዛ፣ ቆማ፣ አንድ እግሯ ወደ በሩ ዞሮ ነው። “ይቅርታ ጋሼ፣ የኔ ጥፋት ነው፣ ይቅር ይበሉኝ” ብላ በረረች። እሳቸውም ምንም አላሉ። ማንም ሰው ለነፋስ መልስ አይሰጥም።

እንዲህ ሆና ሳለች ነው ወጣቱ ሐኪም አዲስ ነገር ይዞ የመጣው።

ልጅ እግር ነው፤ ፂሙ እንኳን በወጉ አልሞላም። ጠዋት ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ፣ በሽተኛውም ነርሱም ጽዳት ሠራተኛዋም ሳይቀሩ ወንበር በክብ ዘርግተው ሩብ ሰዓት በዝምታ እንዲቀመጡ አደረገ። “ሌላ ምንም አታድርጉ” ይላል። “የሚገባውንና የሚወጣውን ትንፋሻችሁን ብቻ ልብ በሉት። ሐሳብ ሲመጣ አትጣሉት፣ አትከተሉትም። መጥቷል በሉና ወደ ትንፋሻችሁ ተመለሱ።”

“ዶክተር” አለች ሲስተር የመጀመሪያው ቀን፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። “እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመት ስተነፍስ ኖሬያለሁ። እስካሁን ተቆጣጣሪ አላስፈለገኝም።”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ሾፌሩ ነው፤ የከባድ መኪና ነጂ የነበረ፣ ጭንቀት ይዞት የገባ፣ ነገር ሳይናገር መዋል የማይችል በሽተኛ። “ሲስተር እኮ የሚተነፍሱት ማርሽ ሳይቀይሩ ነው!” አለ።

ሐኪሙም ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ግን ቀስ ብሎ “ሲስተር፣ እኛም ይደክመናል” አላት። “የደከመው ሰው ፊቱ የቆመውን ሰው አያይም። ለነሱ ብቻ አይደለም ይሄን ያመጣሁት፤ ለኛም ነው።”

ነገሩን የተናገረው ለሷ ብሎ አልነበረም፤ ለሷ ብሎ ቢሆን ኖሮ ግን እንዲህ አይወጋትም ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ዓይኗን ጨፈነች። ትንፋሿን ፈለገችው። ትንፋሿ በሄደበት ግን ያቺ ኩባያ ቆማ ትጠብቃታለች፤ ከኩባያዋ ጀርባ ኮሪደሩ፣ ከኮሪደሩ ደሙ። ብድግ አለችና “ስልክ ጮኸ” ብላ ወጣች። ስልክ አልጮኸም። በማግሥቱም ያልጮኸ ስልክ አነሳች። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ስልኩን ነቅሎ ጠበቃት። ልጅ ነው ስትሉት!

ማምለጫ ስታጣ ዓይኗን ሳትጨፍን መቀመጥ ጀመረች። እንዲያ ሆና ነው የልብስ ሰፊውን ጣቶች ያየቻቸው። ሽማግሌው ከሷ ትይዩ፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ፊታቸው የተዘጋ ሱቅ ነው፤ ጣቶቻቸው ግን አላረፉም። የቀኝ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው የሌለ ክር ይዘው ያሾራሉ። ያሾሩና ጫፉን ወደ ከንፈራቸው ያደርሱታል፣ ያረጥቡታል፣ ወደሌለ መርፌ ይወስዱታል።

ሲስተር ይህን ለሐኪሙ ነገረችው። ሐኪሙ ሰምቶ ሲያበቃ ዓይኑ በራ። “ሁሉም ሰው በትንፋሹ አይገባም” አላት። “አንዳንዱ በእጁ ነው የሚገባው። መርፌ እንስጣቸው።”

“መርፌ? እዚህ ክፍል?”

“በቀን ሃያ ደቂቃ። ሕግ ካለው በሕጉ።”

ሕግ አለው። ስለት ያለው ነገር በሚቆለፍበት ቁም ሳጥን በር ላይ ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ወይቧል። “መርፌ፣ መቀስ፣ ምላጭ ለበሽተኛ ሲሰጥ ኃላፊዋ ነርስ ራሷ አጠገቡ ትቀመጣለች። ስልክ አትይዝም። ካርድ አትጽፍም። ዓይኗን ከስለቱ አታነሳም።” የእጅ ጽሑፉ የማን መሰላችሁ? የራሷ የሲስተር ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ሌሎቹ ነርሶች ቸልተኛ ሆኑ ብላ ተቆጥታ የጻፈችው። ሐኪሙ ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበላትና ምንም ሳይጨምር ሄደ።

ወይ ጉድ! በገዛ እጇ ታሰረች።

የመጀመሪያው ቀን ሃያ ደቂቃ ዓመት ሆነባት። መስኮቱ ሥር፣ ትንሿ ጠረጴዛ አጠገብ፣ ወንበር ለወንበር ተቀመጡ። የተተረተረ የትራስ ጨርቅ፣ ነጭ ክር፣ አንድ መርፌ። ልብስ ሰፊው መርፌዋን ብርሃን ላይ ያዟት፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው በመድኃኒቱ ምክንያት ይንቀጠቀጣል። ክሩን ወሰዱት፣ ሳተ። ደግመው ወሰዱት፣ ሳተ። የሲስተር እግር ከጠረጴዛው በታች መሬቱን ይደበድባል። ሰባተኛው ላይ አልቻለችም።

“ይስጡኝ ጋሼ፣ እኔ ቶሎ ላስገባልዎ።”

መርፌዋን ከሷ ራቅ አደረጓት። ቁጣ አልነበረውም፤ ሕፃን ከእሳት እንደሚያርቅ ሰው ብቻ ራቅ አደረጓት። አሥራ አንደኛው ላይ ክሩ ገባ። አምስት ስፌት እንደሰፉ ሰዓቱ ደረሰ። ሲስተር መርፌዋን ተቀብላ ቆለፈችና ወደ ሽንት ቤት ሄዳ ፊቷን ታጠበች። ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብላ ከባድ ዕቃ ስትሸከም የዋለች ያህል ወገቧን አሟታል።

በአራተኛው ቀን መሬት መደብደቡን ረሳችው። ዓይንን ከመርፌ አለማንሳት ማለት፣ ሠርታችሁ ካላያችሁት አታውቁትም፣ ሌላ ነገር ማሰቢያ ቦታ አይተውም። መርፌዋ ትገባለች፣ ትወጣለች። ክሩ በጨርቁ ውስጥ ሲያልፍ ሽው የሚል ቀጭን ድምፅ አለው፤ ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ክፍል ኖራ እንዲህ ያለ ጸጥታ እንዳለ አታውቅም ነበር። የመታጠቢያው ቧንቧ ጠብ ይላል። ሾፌሩ ማዶ አልጋው ላይ በአፍንጫው ያዜማል። ሐሳብ ይመጣል፤ ያቺ ኩባያ ትመጣለች፤ መርፌዋ ግን አታቆምላትም፣ ትገባለች፣ ትወጣለች። አንድ ቀን ሲስተር የራሷን ትንፋሽ ያዘችው፤ መርፌዋ ስትገባ ይገባል፣ ስትወጣ ይወጣል። እሷ ያዘዘችው አይደለም። “አንተ ሌባ” አለች ወጣቱን ሐኪም በሆዷ።

እሑድ ዕለት የልብስ ሰፊው ልጅ ልትጠይቅ መጣች። የተሰፉትን የትራስ ጨርቆች አገላብጣ አየችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። “እማዬ ከሞተች ወዲህ መርፌ ነክቶ አያውቅም” አለች። “ክር የምታስገባለት እሷ ነበረች። አርባ ዓመት ሙሉ። ዓይኑ ደህና እያለ እንኳን እሷ ናት፤ ከማሽኑ ማዶ ቁጭ ብላ መርፌውን ዝግጁ አድርጋ ታቀብለዋለች።” ሲስተር ያን “እኔ ቶሎ ላስገባልዎ” ያለችውን አስታውሳ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ስለዚህ በስምንተኛው ቀን ልብስ ሰፊው መርፌዋንና ክሩን ይዘው ሲያበቁ፣ ቀና ብለው አይተዋት፣ ሁለቱንም ወደሷ ሲዘረጉላት ምን ማለት እንደሆነ ገባት። ተቀበለች። እጇ እንደ ጋሪው ፊት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ክሩ ሳተ። እንደገና ሳተ። ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ፤ ፊታቸው ላይ ቶሎ በይ የሚል የለም። ትንፋሿን ለቀቀችው፣ ትከሻዋ ወረደ፣ ክሩ ገባ። ሽማግሌው ተቀብለው መስፋታቸውን ቀጠሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ክር የምታስገባው እሷ ሆነች።

በዚህ መሃል ደብዳቤው የት ሄደ እንዳትሉኝ፤ እዚያው ደረቷ ላይ አለ። ጋሪው ፊትም እጇ ይንቀጠቀጣል። ሃያ ደቂቃው ሲያልቅ ፍርሃቱ በር ላይ ቆሞ ነው የሚቀበላት። በአሥረኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ደብዳቤውን ከመስጠቷ በፊት አንድ ነገር መጨረስ እንዳለባት ተሰማት።

“ጋሼ” አለች፤ ዓይኗ መርፌው ላይ ነው፣ ሕግ ነውና። “ያን ቀን የሰጠሁዎ የሌላ ሰው መድኃኒት ነው። አላየሁዎትም። ፊትዎ ቆሜ አላየሁዎትም። ያ ግንባርዎ ላይ ያለው ጠባሳ የኔ ነው።”

መርፌዋ ቆመች። ከጨርቁ ግማሿ ወጥታ ቆመች። ሲስተር ጠበቀች፤ እሷ! ጠበቀች። ከዚያ መርፌዋ ተነቃነቀች፣ ወጣች፣ ተመልሳ ገባች። ቃል የለም። እስከ መጨረሻው ቃል የለም።

ሲስተር መርፌዋን ቆልፋ ቁም ሳጥኑን ተደግፋ ቆመች። “አልማሩኝም” አለች። “እውነታቸውን ነው። ዓርብ ደብዳቤውን እሰጣለሁ። አለቀ።”

ሐሙስ ጠዋት እየሮጠች በር ስታልፍ የበሩ እጀታ የጋውኗን የጎን ኪስ ይዞት ተረተረው። ሃያ ደቂቃው ሲደርስ ልብስ ሰፊው የተንጠለጠለውን ኪስ አዩ፣ እጃቸውን ዘረጉ። “ይተዉት ጋሼ፣ ነገ ሌላ እለብሳለሁ” ልትል ነበር። ከነገ ወዲያ ግን ጋውን የሚባል አትለብስም። አውልቃ ሰጠቻቸው። ክር አስገባችላቸው።

ጋውኑን ገለበጡት፣ ጉልበታቸው ላይ አነጠፉት። ሲስተር መርፌዋን ትከተላለች። የመጨረሻዬ ነው ብላ ይሆን እንጃ፣ ያን ቀን እንዳየችው አይታ አታውቅም። የክሩን ጥላ፣ የጣታቸውን ጥፍር፣ መርፌዋ ጨርቁን ከመውጋቷ በፊት ትንሽ ቆም ማለቷን። መርፌዋን እንጂ ጨርቁን አላየችም፤ ገልብጠው ወዴት እንደዞሩ አላየችም። ሰዓቱ አልቆ ጋውኗን ስትለብስ የጎኑ ኪስ ከነበረበት የበለጠ ሆኖ ተሰፍቷል። ደረቷን ዳበስ አደረገች፤ ወረቀቱ አለ። “ያኑርልኝ ጋሼ” ብላ መርፌዋን ልትቆልፍ ሄደች።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ሲስተር ወደ ሜትሮኗ ቢሮ ገባች። ሜትሮኗ የነርሶች ሁሉ አለቃ ናት፤ ትምህርት ቤት አብረው አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ጓደኞች ናቸው።

“ቁጭ በይ” አለቻት። “መቼም አትቀመጪም እንጂ።”

ሲስተር ተቀመጠች። ሜትሮኗ ደነገጠች። “ምነው? ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም። የምሰጥሽ ነገር አለ” አለችና እጇን ወደ ደረት ኪሷ ሰደደች። ጣቶቿ ተንሸራተቱ። ደግማ ሰደደች። ወረቀቱ ከጨርቁ በታች ኮሽ ይላል፤ ኪሱ ግን አፍ የለውም። በግራ ሞከረች፣ በቀኝ ሞከረች፣ ደረቷን ትቧጥጥ ጀመር።

“ደረትሽን ያምሻል እንዴ? ልብሽ ነው? ሰው ልጥራ?”

“ኧረ ተይኝ፣ ኪሴ ነው! ኪሴ አልከፈት አለኝ!”

ሜትሮኗ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። “ተሰፍቷል እኮ። ማነው እንዲህ የተጠበበበት? ቆይ መቀስ አለኝ” አለችና ከመሳቢያዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችላት።

ሲስተር መቀሱን አነሳች። አገጯን ወደ ደረቷ ደፍታ ስፌቱን አየችው። ነጭ በነጭ ላይ፣ ድርድር ያለ፣ አንዱ ካንዱ የማይበልጥ። በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጅ! መቼ? መቼ ሊሆን ይችላል፤ ትናንት ነው፤ ዓይኗ ሥር ነው፤ ክሩንም ያስገባችው ራሷ ናት። ይህን ጊዜ ሌላ ነገር ታወቃት። ትናንት በዚያ ሃያ ደቂቃ ደብዳቤው ትዝ አላላትም። ጋውኑን አውልቃ ስትሰጥ እንኳን ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ አላሰበችም። ሁለት ወር ሙሉ፣ በእንቅልፏ ሳይቀር ስትዳብሰው የኖረችውን ወረቀት ለሃያ ደቂቃ ረስታዋለች። ኩባያዋንም። ደሙንም። መቀሱ ከእጇ ላይ ከበዳትና አስቀመጠችው።

“ታዲያ ምን ልትሰጪኝ ነበር?” አለች ሜትሮኗ።

“ቆይ። መጀመሪያ የምጠይቀው ሰው አለ።”

ኮሪደሩን ይዛ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ሾፌሩ በር ላይ ቆሞ አያት። “ሲስተር፣ ታመዋል እንዴ? በአንደኛ ማርሽ እኮ ነው የሚመጡት!” አላት። መስኮቱ ሥር ሄዳ ከልብስ ሰፊው አልጋ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መርፌ የለም፣ ሕግ የለም፣ ሰዓቱም አይደለም።

“ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?” ኪሷን አሳየቻቸው።

ሽማግሌው ዝም። ድሮ ቢሆን ጥያቄውን ራሷ ጠይቃ ራሷ መልሳ ሄዳ ነበር። አሁን ጠበቀች። ቧንቧው ጠብ አለ። መጋረጃው ነፈስ አለና ተመለሰ። ጠበቀች።

“አዲስ ኮት ስንሰፋ” አሉ ልብስ ሰፊው። ድምፃቸው ሻካራ ነበር፤ ከርሞ የተከፈተ። “ኪሱን ዘግተን ነው ለባለቤቱ የምንሰጠው። ክፍት ከሆነ ሰው ገና ሳይለብሰው ዕቃ ያጭቅበታል፤ ኮቱ ቅርፁን ሳይዝ ይረግባል። መጀመሪያ ይልበሰው። ትከሻው ላይ ይቀመጥለት። ከዚያ ራሱ ቀስ ብሎ ይፈታዋል።”

“ይሄ እኮ የስድስት ዓመት ጋውን ነው ጋሼ። አዲስ አይደለም።”

“ጋውኑን አላልኩም።”

የሲስተር እጅ ኪሷ ላይ አረፈ። “ደብዳቤውን አነበቡት?”

“የሰው ደብዳቤ አላነብም። አርባ ዓመት ግን የሰው ትከሻ ለክቻለሁ። በዚያ በኩል ትከሻሽ ዘሟል። በቀን መቶ ጊዜ ኪስሽን ትነኪያለሽ። እንዲህ የሚነኩት ወረቀት የመሄጃ ነው።” ትንፋሽ ወሰዱ። ይህን ያህል ከተናገሩ ዘጠኝ ወር አልፏቸዋል፤ ደክሟቸዋል፤ ግን አላቆሙም። “ያን ቀን ክኒኑ የኔ አለመሆኑን አውቄው ነበር።”

“ምን አሉኝ?”

“የኔ ነጭ ነው። ያ ቢጫ ነበር። ልነግርሽ ቀና ብዬ አፌን ስከፍት ጀርባሽን አየሁት።”

እንባዋ መጣ። አልጠረገችውም። “ታዲያ ለምን ዋጡት ጋሼ? ለምን?”

“ለኔም ግድ አልነበረኝማ። ምን ቀረብኝ ብዬ ነው የዋጥኩት።” እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አገላብጠው አዩት። “ረቡዕ ዕለት ይሄን ልነግርሽ ፈልጌ ቃሉ አልወጣ አለኝ። ተቀይሜ አይደለም።”

“አሁንስ? አሁንም ግድ የለዎትም?”

ልብስ ሰፊው መስኮቱን አዩ፣ እሷን አዩ። “አሁንማ ክር የምታስገባልኝ ሰው አለች” አሉ። “ስትመጪ ነፋስ ነበርሽ። አሁን ገና ቁጭ ማለት ለመድሽ። ቁጭ ማለት ከለመድሽ በኋላ ወዴት ልትሄጂ ነው?”

ሲስተር ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ አለቀሰች፤ ሽማግሌውም እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ ጣል አድርገው ጠበቋት። ቶሎ ቶሎ አልቅሺ ያላት የለም።

“መቀስ እንዳታስገቢበት” አሉ በመጨረሻ። “ጨርቁ ይጎዳል። መሄድ ስትፈልጊ አንዱን ስፌት ፍቺ። በማግሥቱም ከፈለግሽ ሌላውን። አርባ ሦስት ነው።”

በማግሥቱ ጠዋት ጋሪዋን እየገፋች መጣች። እጇ አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ይህን ልዋሻችሁ አልፈልግም። ካርዱን አነበበች፣ ኩባያዋን አየች፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ልብስ ሰፊው ፊት ቆመች፤ ሁለቱም እግሮቿ ወደሳቸው ዞረዋል። ኩባያዋን ሰጠቻቸውና እጇን አጣጥፋ ቆየች። ሽማግሌው ክኒኗን መዳፋቸው ላይ ገለበጧት፣ ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አዩዋት፣ ቀና ብለው ሲስተርን አዩ። እዚያው ነበረች።

“ነጭ ናት” አሉ።

“ነጭ ናት ጋሼ” አለች።

ውኃቸውን በእርጋታ ጠጡ። ብርጭቆውን መለሱላት። አሁንም አልሄደችም፤ ሌላ የሚሉት ነገር እንዳለ ቆማ ጠበቀች፤ የሚሉት ባይኖርም ጠበቀች። የተሰፋው ኪሷ ውስጥ ወረቀቱ ኮሽ አለ፤ እጇን ግን አልሰደደችም።

“ሲስተር!” አለ ሾፌሩ ከማዶ። “ኧረ ቶሎ በሉ እንጂ! እኛም ሰው ነን!”

“ተራህን ጠብቅ” አለችው፤ ዘወርም አላለች። ገና ሠላሳ ኩባያ ይቀራታል።